ጌምም ሥራም የሚችል ኮምፒውተር በመካከለኛ በጀት፦ ዘንድሮ ሂሳቡ የሚጀምረው ከራም ነው

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። ኤዲትም ራሱ ነው የሚያደርገው። ማታ ማታ ደግሞ ጌም ይጫወታል። ሰሞኑን ቤት መጥቶ ስልኩ ላይ የጻፈውን ዝርዝር አሳየኝ። አዲስ ዴስክቶፕ ሊያስገጥም ነው። ከላይ ግራፊክስ ካርዱ ከነሞዴል ቁጥሩ ተጽፏል። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ። ወደ ታች ሲወርድ ጽሑፉ እያጠረ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ «ራም 32፣ ፓወር ሰፕላይ የተገኘው» ይላል።

እኔ ዝርዝሩን ማንበብ የጀመርኩት ከታች ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እንዲህ አላደርግም ነበር። ያኔ መካከለኛ በጀት ያለው ሰው ከግራፊክስ ካርድ ይጀምራል፤ የተረፈውን ለሌላው ያከፋፍላል። ብዙም አይሳሳትም ነበር። አሁን የዕቃው ዋጋ ተገለባብጧል። የመብራታችን ነገር ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ መቀየር አለበት። (ዓመቶችን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ራሙ ምን ነካው?

ራም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ ነው። በዓለም ላይ አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን። ከእነሱ የሚወጣው ቺፕ የእኛ ዴስክቶፕ ውስጥ ይገባል፣ ስልክ ውስጥ ይገባል፣ ሰርቨር ውስጥ ይገባል። አሁን ደግሞ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ወረፋው ፊት ላይ ቆሙ። እነሱ የሚፈልጉት ኤችቢኤም የሚባል፣ ቺፕ በቺፕ ላይ ተደራርቦ የሚሠራ የማስታወሻ ዓይነት ነው። ለተመሳሳይ ጊጋባይት ከተራው ራም የበለጠ የፋብሪካ አቅም ይበላል። ትርፉም ትልቅ ነው። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደዚያ ቢያዞሩ አይገርምም።

በ2025 ኦክቶበር ላይ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕን ኤአይ ከሳምሰንግና ከኤስኬ ሃይኒክስ ጋር መስማማቱ ሲነገር፣ የተጠቀሰው መጠን በወር እስከ 900,000 ዌፈር ነበር። ዌፈር ማለት ቺፖቹ የሚሠሩበት ክብ የሲሊከን ሳህን ነው። በዲሴምበር ደግሞ ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስሙ ለተራው ሸማች ራምና ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫ) መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። ክሩሻል ወደ 30 ዓመት የቆየ ስም ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ራማችንን የገዛነው ከእሱ ነው።

ውጤቱ ዋጋው ላይ ታየ። በ2025 አጋማሽ ላይ ውጭ አገር 100 ዶላር አካባቢ ይሸጥ የነበረ ባለ 32 ጊጋ የዲዲአር5 ጥንድ (ዲዲአር5 አዲሱ የራም ትውልድ፣ ዲዲአር4 የቀድሞው ነው)፣ ዓመቱ ሳያልቅ 300 ዶላርን አለፈ። እኛ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በጁላይ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከዚያም አልቆመም። ዕቃው በዶላር ሲጨምር፣ ዶላሩ ደግሞ በብር ሲጨምር፣ ሁለቱ አይደመሩም፤ ይባዛሉ።

አንድ ንጽጽር ላስቀምጥ። የኤኤምዲ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ በጁን 2025 ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ 349 ዶላር ነበር። ዛሬ 32 ጊጋ ዲዲአር5 ያንኑ ያህል ሊጠይቅ ይችላል። ራም የግራፊክስ ካርድን ዋጋ የሚያክልበት ዘመን ላይ ነን። ለዚህ ነው «ራም 32» ብሎ በሁለት ቃል ማለፍ የማያዋጣው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ የተቀመጠ ዲዲአር4 ራም ካለ፣ ያ ዛሬ ገንዘብ ነው። ዲዲአር4ም ቢሆን ዋጋው ጨምሯል፤ አምራቾቹ እየተዉት ስለሆነ አዲሱ እየጠፋ ነው። ያገለገለው ግን ገበያ ላይ አለ። መሥሪያ ቤቶች የሚያስወግዷቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ሞልቷል። ራም ደግሞ ያገለገለ ቢሆንም ብዙ ከማያሰጉ ዕቃዎች አንዱ ነው። ወይ ይሠራል፣ ወይ አይሠራም፤ በሙከራ ይታወቃል።

ተጠንቀቁ ግን። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይቀያየሩም፤ መሰኪያው ላይ ያለው ክፍተት ራሱ ቦታው ይለያያል። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፣ ዴስክቶፕ ላይ አይገባም። በመዳፍ የሚያዙት ትንንሾቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች የላፕቶፕ ራም ነው የሚጠቀሙት፤ ከእነሱ የወጣ ራም አይሆናችሁም። በርካሽ የሚሸጥ የሰርቨር ራምም አለ። ሲያዩት ልክ የዴስክቶፑን ይመስላል። ተራ ማዘርቦርድ ላይ ግን አይነሳም።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ፦ ሦስት መንገድ

ራሙ ከተወሰነ ማዘርቦርዱ ግማሽ መንገድ ተወሰነ ማለት ነው። በመካከለኛ በጀት ዛሬ የምመክራቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

ጌም የሚበዛበት ሰው ዲዲአር4 ካገኘ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 አሁንም ጥሩ ፕሮሰሰር ነው። የወጣው በ2022 ነው። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ አለው። የሚበላው መብራት ትንሽ ነው፤ ማቀዝቀዣው ከነካርቶኑ ይመጣል። የሚሰካበት ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት አርጅቷል፤ ከራይዘን መጀመሪያ ከ2017 ጀምሮ ያለ ነው። ማርጀቱ ግን ርካሽና በየቦታው የሚገኝ አድርጎታል። ከ5600 ጋር ስሙ የሚመሳሰለው 5500 ያነሰ መሆኑን እወቁ። ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚነጋገርበት መስመር የአሮጌው ትውልድ፣ ፒሲአይ 3 ነው። ማዘርቦርዱም ቢ550 ቢሆን ይሻላል፤ ኤ520 እና ቢ450 በዚያው በአሮጌው መስመር የተገደቡ ናቸው። ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ግራፊክስ ካርዱ ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ሁለተኛው መንገድ ለቪዲዮ ሰዎች ነው። ዘመናዊ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ ሶኒ ኤ7ኤስ ስሪ ወይም ካኖን አር6፣ ባለ 10 ቢት 4:2:2 ቪዲዮ ይቀርጻሉ። የቀለም መረጃው ብዙ ስለሆነ ከለር ግሬዲንግ ላይ ደስ ይላል። ኮምፒውተሩን ግን ይገድለዋል። ፕሪሚየር (የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም) ላይ ፕሌይ ሲሉት ይቆራረጣል፣ ይቆማል። ብዙ ሰው ግራፊክስ ካርዱ አንሶ ይመስለዋል። አይደለም። ያንን ቪዲዮ የሚፈታ የተለየ ክፍል ቺፑ ውስጥ ስለሌለ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ፣ ኩዊክ ሲንክ በሚባለው፣ ቪዲዮው በኤች.265 (ቪዲዮ የሚጨመቅበት አንዱ መንገድ) ሲቀረጽ ይህን ይችላሉ። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 50 ካርዶችም ይችላሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት የኤንቪዲያ ካርዶች ግን አይችሉም፤ የኤኤምዲ ካርዶችም እዚህ ላይ አይረዷችሁም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ያልኩት ኮር አይ5 12400 ነው። ይህም የ2022 ዕቃ ነው፣ ይህም 6 ኮር ነው። ማዘርቦርዱ ቢ660 ወይም ቢ760 ሆኖ ስሙ መጨረሻ ላይ ዲ4 ወይም ዲዲአር4 የሚል ካለው፣ ያገለገለውን ራም ይቀበላል። አንድ ፊደል ግን ልብ በሉ። 12400 እና 12400ኤፍ አንድ አይደሉም። ኤፍ ያለው ውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ዋጋው ትንሽ ስለሚቀንስ ሻጭ «ያው ነው» ይላል። ለጌም ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ያው ነው። ለቪዲዮ ኤዲተር ግን ፕሮሰሰሩን የመግዛቱ ምክንያት ራሱ ጠፋ ማለት ነው። ግራፊክስ ካርድ ከተሰካ በኋላም የውስጡ ግራፊክስ እንዲሠራ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ብዙ ማዘርቦርድ ካርድ ሲያገኝ በራሱ ያጠፋዋል።

ኢንቴል ውስጥ 13ኛና 14ኛ ትውልድን ያገለገለ መግዛት አልወድም፤ በተለይ አይ7 እና አይ9 የሆኑትን። ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን የሚጎዱበት ችግር ነበራቸው። ኢንቴል በኦገስት 2024 የማይክሮኮድ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳን ቺፕ አይመልሰውም። እጃችሁ የገባው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። 12ኛው ትውልድ ከዚህ ችግር ነፃ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አዲሱ ነው፦ ራይዘን 5 7600፣ ኤኤም5 ሶኬት፣ ዲዲአር5 ራም። ኤኤምዲ ይህን ሶኬት እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፍ ተናግሯል። ቃሉን የማምንበት ምክንያት አለኝ። ኤኤም4 ላይ በ2017 የተጀመረው ነገር እስከ ጃንዋሪ 2024 ደርሶ፣ ለጌም እጅግ ጥሩ የሆነው 5700ኤክስ3ዲ እዚያው አሮጌ ሶኬት ላይ ወጥቷል። ዛሬ 7600 የገዛ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ነቅሎ ሌላ ሊሰካ ይችላል። እንቅፋቱ ያው ራሙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ምርጫ አለ። ራም ሁለት ሁለት ሆኖ ሲሰካ ነው በሙሉ አቅሙ የሚሠራው። ብሩ ለ16 ጊጋ ብቻ ከበቃ ሁለት ባለ 8 ይገዛ ወይስ አንድ ባለ 16? መጽሐፉ ሁለት ባለ 8 ይላል፤ ዛሬ ጌሙ የተሻለ ይሄዳል። ኤኤም5 ላይ ግን በኋላ ሌላ ሁለት ጨምራችሁ አራት ስታደርጉ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ አንዳንዴም አልነሳም ይላል። እኔ ለሥራ ሰው አንድ ባለ 16 ገዝቶ፣ ዋጋው ሲረጋጋ ወንድሙን ቢያመጣለት እመርጣለሁ። እስከዚያ ጌም ላይ ጥቂት ፍሬም ይከፍላል። ዲዲአር4 ላይ ይህ ጭንቀት ያን ያህል አይደለም፤ ሁለት ባለ 8 ግዙ፣ በኋላ ጨምሩ።

ስንት ጊጋ ይበቃል ለሚለው፦ ለአብዛኛው ጌም 16 ይበቃል። ፕሪሚየር ወይም ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ መሥሪያ) የሚከፍት ሰው በ16 ይሠራል፣ ግን ይጨነቃል። ብሮውዘሩን እየዘጋ መሥራት ይለምዳል።

ግራፊክስ ካርድ

አሁን ወደ ዝርዝሩ አናት መጣን። ካርድ ሲመረጥ ሰው የሚያየው ሞዴሉን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው በላዩ ላይ ያለውን ማስታወሻ ነው። ባለ 8 ጊጋ ካርድ ዛሬም ጌም ያጫውታል። አዳዲሶቹ ጌሞች ግን ጥራቱ ከፍ ሲደረግ 8 ጊጋን ያልፋሉ። ሲያልፉ ካርዱ የጎደለውን ከኮምፒውተሩ ራም መበደር ይጀምራል። የሚበደረው በዚያ ቅድም ባልኩት የፒሲአይ መስመር በኩል ነው። አርቲኤክስ 5060 እና 5060 ቲአይ የሚጠቀሙት 8 መስመር ብቻ ነው። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰኩ መንገዱ ይጠባል። ባለ 8 ጊጋ ካርድ፣ ጠባብ መንገድ፣ ከባድ ጌም አንድ ላይ ሲገናኙ ጨዋታው እየተንገጫገጨ ይሄዳል።

5060 ቲአይም 9060 ኤክስቲም በሁለት ዓይነት ተሠርተዋል፤ ባለ 8 እና ባለ 16። ካርቶኑ ላይ ስሙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በትንሽ ቁጥር የተጻፈ ነው። ሲወጡ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 50 ዶላር ነበር። ራም የተወደደበት ምክንያት እነዚህን ካርዶችም ይነካል፤ ማስታወሻቸው ከዚያው ፋብሪካ ነው የሚወጣው። ቢሆንም ሥራም ለሚሠራበት ሰው ባለ 16ቱን አስበልጣለሁ። ብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ) ላይ ትዕይንቱ ካርዱ ውስጥ ካልገባ ሬንደሩ ወይ ይንቀረፈፋል ወይ ይቆማል።

ኤንቪዲያ ወይስ ኤኤምዲ? ለጌም ብቻ ከሆነ ኤኤምዲ በአንድ ዶላር የሚሰጠው ይበልጣል። 9060 ኤክስቲ ባለ 16 በዚህ በጀት ለጌም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። አርክቴክቶችና ብሌንደር የሚሠሩ ሰዎች ግን ኤንቪዲያን ቢይዙ ይሻላቸዋል፤ የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች በእሱ ላይ ነው አጥብቀው የተገነቡት። የኢንቴል አርክ ቢ580 በዲሴምበር 2024 በ249 ዶላር ባለ 12 ጊጋ ሆኖ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአሮጌ ፕሮሰሰር ጋር ሲገጠም ግን ብዙ ፍጥነት ያጣል። እኛ አገር አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ካለው አሮጌ ፕሮሰሰር ጋር ስለሆነ ለሁሉም አልመክረውም።

ያገለገለ ካርድስ? እዚህ ላይ በደንብ እንቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ስላይትሊ ዩዝድ የሚባለውን ነው። ከሁሉም የምወደው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ነው። የ2021 ካርድ ነው፣ ግን ማስታወሻው ሰፊ ነው፣ ለሥራም ይሆናል። በዚሁ ስም ባለ 8 ጊጋ እንዳለ እወቁ። እሱ ማስታወሻው ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ያነሰ ነው። አርኤክስ 580 የሚባለውም እንዲሁ 2048ኤስፒ የሚል ደካማ ወንድም አለው። ሻጩ ሁለቱንም 580 ነው የሚላቸው። ከእነዚህ ካርዶች ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርቱ (ማይኒንግ ይሉታል) ከርመው፣ በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ቀይሮ ማምረቱ ሲቀር ገበያ ላይ የፈሰሱ ናቸው። ማይኒንግ ላይ የቆየ ካርድ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ማራገቢያውና ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት ግን ሊያልቅ ይችላል።

ጂቲኤክስ 10 ካርዶችን፣ 1060ን እና 1080ን ጨምሮ፣ ዛሬ በጥሩ ብር መግዛት አይገባም። ኤንቪዲያ በ2025 ኦክቶበር ለእነሱ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን አቁሟል። እስከ 2028 የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው የሚያገኙት። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን አካሄድ የሚያሰላ ክፍል) ያለው ካርድ ካልሆነ ጭራሽ የማይነሱ ጌሞችም መጥተዋል።

ከዱባይ የመጣው የቢሮ ኮምፒውተር

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው። «የዴል ኦፕቲፕሌክስ በርካሽ አገኘሁ፣ ካርድ ልሰካበት?» ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ዕቃዎቹ ጠንካሮች ናቸው፣ ራማቸውም አብሮ ይመጣል፤ ዛሬ ያ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ነገር ግን ይዩ። ቁመቱ የቀጠነው ዓይነት ከሆነ አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ቅርጽ ስላለው ከገበያ ሌላ ገዝቶ መተካት ያስቸግራል። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከመሰኪያው በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው የሚያስፈልገው። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ እንዲህ ዓይነት ነው። አርኤክስ 6400ም ገመድ አይፈልግም፣ ግን 4 መስመር ብቻ ስላለው በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ይደክማል።

ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ያበቃው በ2025 ኦክቶበር 14 ነው። እንደ ቫሎራንት ያሉ ጌሞች ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የኮምፒውተሩ የደኅንነት መጠበቂያዎች ካልበሩ አይነሱም። በአቋራጭ ዊንዶውስ 11 የጫኑ ልጆች ጌሙ ሲከለክላቸው የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

መብራቱ

«ፓወር ሰፕላይ የተገኘው» ወደሚለው ልመለስ። ስለዚህ ዕቃ የማይናገር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይናገራል። ሌላ ክፍል ሲበላሽ ራሱ ብቻ ነው የሚሞተው። ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። እኛ ጋ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ተንደርድሮ ነው የሚመጣው። ከውጭ በሚጻፉ ምክሮች ላይ ይህ ስለሌለ ሰው ይረሳዋል።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ብቻ አትመኑ። 700 ዋት ተብሎ በእጅ ሲያዝ እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀል ካጋጠማችሁ መልሱት። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት የሚለው መስመር ለብቻው ስንት ዋት እንደሚሰጥ ተጽፏል። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚኖሩት በዚያ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ስንቱ መብራት በከንቱ እንደማይባክን ነው የሚናገረው፤ ስለ ጥንካሬው ማረጋገጫ አይደለም። እዚህ ላይ ለጠቀስኳቸው ካርዶች እውነተኛ 550 ወይም 650 ዋት ይበቃል። ከፍ ያለ ቁጥር ሳይሆን የተሻለ ሥራ ግዙ።

ከአሜሪካ ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎች ይህን በደንብ ስሙኝ። አንድ ጓደኛዬ ዘመዱ ከዋሽንግተን ያገለገለ ዴስክቶፕ አመጣለት። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ነበረው፤ 115 የሚለው ላይ ነው ያለው። እኛ ቤት መብራቱ 220 ነው። ሰካው፣ ጧ አለ፣ ጭስ ወጣ። አንድ ሰከንድ አልፈጀም። ዛሬ የሚሠሩ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ያስተካክላሉ። ርካሾቹና አሮጌዎቹ ግን ያ ማብሪያ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ለ115 ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሻንጣው ተከፍቶ ዕቃው ሲወጣ መጀመሪያ የሚነበበው ያ ጽሑፍ ይሁን።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ለሥራ ኮምፒውተር ግዴታ ነው እላለሁ። ሦስት ሰዓት የፈጀ ሬንደር መጨረሻው ላይ መብራት ሲሄድ ያለውን ስሜት ያየ ያውቀዋል። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ 400 ዋት እንኳ አይሰጥም። ከላይ ያልኩት ዓይነት ኮምፒውተር ጌም ላይ ከነስክሪኑ 300 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ባትሪው ትንሽ ሲያረጅ አይሸከመውም። ወደ 600 ዋት የሚሰጥ ፈልጉ። ሌላም አለ። ርካሽ ዩፒኤሶች ባትሪ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሞገድ የተቆራረጠ ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አይቀበሉትም፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለው ይወደዳል፣ ግን ይህ ችግር የለበትም። ብር ካልበቃ ቢያንስ ስታቢላይዘር አድርጉ። ዲቫይደር ብቻውን ምንም አይከላከልም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያሻግረው ሙቀት ያንሳል። የአየሩ ቅዝቃዜ ያካክሰዋል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ያመዝናል። ስለዚህ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አየር የሚያስገባ ኬዝ ምረጡ። ፊቱ በመስታወት የተዘጋው ያምራል፣ ግን ያፍናል። በበጋ አቧራውን በየወሩ አራግፉ።

ኤስኤስዲ ላይ ብዙ አልልም። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት፣ ባለ 1 ቴራ ከታወቀ ስም ይበቃል። ያለቀ ሰርግ ማስቀመጫ ግን ሃርድ ዲስክ ይሁን፣ ሁለት ቦታ። ስክሪኑም ያላችሁ 1080ፒ ከሆነ ለአሁኑ ይቆይ።

ብር ከመክፈል በፊት

ፓክድ የተባለውም ቢሆን ሱቁ ውስጥ ተከፍቶ ይታይ። መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ ከወጣችሁ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ፍላሽ ላይ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መለያ ፕሮግራም ጭናችሁ ሂዱ። ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በሌላ ስም የሚሸጥ ካርድ ካለ ብዙውን ጊዜ ያጋልጠዋል። ከዚያ ፈርማርክ፣ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራው መፈተኛ፣ 15 ደቂቃ ይሂድ። ሙቀቱን እዩ፣ የማራገቢያውን ድምፅ ስሙ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። «እዚህ መሞከር አይቻልም» የሚል ሻጭ ጋ አትቆዩ። የሚፈቅድ ሌላ አለ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ዝርዝሩን ቀይሮታል። 12400 ያለ ኤፍ፣ ቢ760 ባለ ዲዲአር4፣ 9060 ኤክስቲ ባለ 16፣ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከነሙሉ ስሙ። ካርዱን ሜሪላንድ ያለች እህቱ ስትመጣ ይዛለት ትመጣለች። የቀረው ራሙ ነው። አንድ የሚያውቀው ሰው ከቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ሁለት ባለ 16 ዲዲአር4 እንዳለው ነግሮታል። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄደን እናየዋለን። ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭኜ አዘጋጅቻለሁ።